የራሱ አይደለም የተባለው ቺፕ

ትናንት ከሰዓት በኋላ የልጅ ልጄ ኤፍራታ ስልኳን ከጓደኛዋ ኮምፒውተር ጋር በገመድ አያይዛ ደጃፉ ላይ ስትነጫነጭ ሰማኋት። አዲስ ሶፍትዌር ልትጭንበት ብላ ነው። ኮምፒውተሩ እሺ ይላል፣ ትንሽ ይሄዳል፣ ከዚያ ቀይ ጽሑፍ አውጥቶ ያቆማል።

«ምን ሆነ?» አልኳት።

«አንቺ አይገባሽም እማማ። ሞዴሉ ልክ ነው፣ ፋይሉም ልክ ነው፣ ቺፑ ግን ሌላ ነው ይለኛል።»

«ሞዴሉ ልክ መሆኑን በምን አወቅሽ? ጀርባው ላይ የተጻፈውን አንብበሽ ነዋ!»

«ታዲያ በምን ላውቅ ነው?»

«ጀርባውን ተዪው። ቺፑን ጠይቂው። እሱ የሚለውን ቁጥር ይዘሽ ፋይል ፈልጊ።»

ልጅቱ አፏን ከፍታ ቀረች። ከአራተኛ ክፍል እንዳላለፍኩ ታውቃለች። እኔም ወደ ጓዳ ገባሁ። ይህን ነገር ያስተማረኝ ትምህርት ቤት አይደለም። ያስተማረኝ ንዴት ነው፤ እስካሁንም አልበረደልኝም።

ያን ጊዜ ሠላሳ ዓመት ገና መሙላቴ ነበር። አያት የሆንኩት በልጅነቴ ስለዳሩኝ ነው እንጂ ነገሩ የጥንት አይደለም። ደባርቅ ላይ ሞባይል ብርቅ መሆኑ ቀርቶ ሰው ሁሉ የቻይና ስልክ የሚገዛበት ጊዜ ነበር፤ ሁለት ሲም የሚወስድ፣ ሲጠራ ሰፈሩን የሚያናጋ፣ ቀይና ሰማያዊ መብራት የሚያበራ። እነዚህን ስልኮች ከዳባት እያመጣ በገበያ ቀን የሚሸጥልን አቶ ምስጋናው የሚባል ነጋዴ ነበር። ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ሲመጣ ሰው መንገድ ይለቅለታል። ለቤተ ክርስቲያን ቆርቆሮ የሰጠ፣ ልቅሶ የማይቀር፣ ሁሉም የሚያከብረው ሰው ነው። እኔም ከእሱ ገዛሁ።

ነጭ ሽንኩርት ነጋዴ ነበርኩ። ከገበሬው ሰብስቤ ወደ ጎንደር እልካለሁ። ስልክ ከመያዜ በፊት ዋጋው መውደቁን የምሰማው ጆንያው አይሱዙ ላይ ተጭኖ ከሄደ በኋላ ነበር። ስልኩ ከዚያ ገላገለኝ። ክረምቱን ሙሉ፣ በዚያ በጭጋጉና በጭቃው፣ እቤቴ ሆኜ የጎንደርን ገበያ እሰማ ጀመር። ጌታ የሆንኩ መሰለኝ።

መስከረም ሲጠባ ስልኩ ታመመ። ሲበራ አርማው ይመጣል፣ ከዚያ ወዲያ አይሄድም። የእኔ ብቻ ቢሆን ዕድሌ ነው እል ነበር። ከዚያው ካርቶን የገዙ ሴቶች ስልክ ሁሉ ተራ በተራ እንደዚያው ሆነ።

አውቶቡስ ተራው አጠገብ ጠባብ ሱቅ ተከራይቶ ስልክ የሚጠግን ፈንታሁን የሚባል ወጣት ነበር። ከጎንደር የመጣ፣ ደባርቅ ላይ ዘመድ የሌለው ልጅ ነው። ምላሱ አያርፍም። ብሎን በጥርሱ ይዞ ያወራል፣ ያሾፋል፣ ጉራውን ይነዛል። ስልኬን ተቀብሎ ጀርባውን ፈታ፣ ውስጡን በብሩሽ ጠራረገ፣ መልሶ ገጠመ።

«እትዬ የዝና፣ ሶፍትዌሩ ተበላሽቶ ነው። ነገ ነዪ፣ እየዘፈነ ትወስጂዋለሽ» አለኝ።

በማግስቱ ሄድኩ። አልዘፈነም።

«መታወቂያውን አላወቀውም» አለኝ፣ ዓይኑ ኮምፒውተሩ ላይ እንደተተከለ።

«የምን መታወቂያ?»

«መጀመሪያ መታወቂያ ይጠይቃል። የሚጠብቀው መታወቂያ ካልመጣለት አልጭንም ነው የሚለው።»

እንግዲህ እኔ ምን ልበል? ሲም ሳወጣ መታወቂያ ተጠይቄያለሁ። ስልኩም ቢጠይቅ አልገረመኝም። የእኔ የቀበሌ መታወቂያ ደግሞ ጊዜው ካለፈ ቆይቷል። ንዴቴን ዋጥ አድርጌ ወደ ቀበሌ ሄድኩ። ሊቀመንበሩ ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልኩ። በማግስቱ ሊቀመንበሩ አሉ፣ ማኅተሙ ግን የለም፤ የመሳቢያውን ቁልፍ የያዘው ሰው ልቅሶ ሄዷል። እሱ ሲመጣ ደግሞ ፎቶሽ ላይ ጆሮሽ አይታይም ብለው መለሱኝ። ሻሼን አውልቄ፣ ጆሮዬን እንደ በግ አሳይቼ እንደገና ተነሣሁ። ይህ ሁሉ ሲሆን ሽንኩርቱ ጎተራ ውስጥ ማቆጥቆጥ ጀምሯል።

በመጨረሻ አዲሱን መታወቂያ ፈንታሁን ጠረጴዛ ላይ ጣል አደረግሁለት። «ይኸው! አሁን ደግሞ ምን ይላል?»

መታወቂያውን አየ። እኔን አየ። ከዚያ በጥርሱ የያዘው ብሎን እስኪወድቅ ድረስ ሳቀ።

«የአንቺን አይደለም እኮ እትዬ! የቺፑን ነው!»

«ቀድሞ አትናገርም? እኔ ቀበሌ ደጅ ስጠና አንተ እዚህ ቁጭ ብለህ ትስቃለህ?»

«እኔ ምን አውቄ! ጠፋሽብኝ እኮ!» አለና እንባውን ጠርጎ በርጩማ ሰጠኝ። ምን ያድርግ፣ ከንዴቴ ሊያበርደኝ ብሎ ያስረዳኝ ጀመር። ስልክ ውስጥ እንደ አንጎል ሆኖ የሚሠራ ቺፕ አለ። ሶፍትዌሩ ለአንድ ዓይነት ቺፕ ተብሎ የተሠራ ነው፤ ለሌላው አይሆንም። ስለዚህ ከመጫኑ በፊት ቺፑን «ማን ነህ?» ይለዋል። ቺፑም ከፋብሪካ ሲወጣ የተቀረጸበትን ቁጥር ይናገራል። ቁጥሩ ሶፍትዌሩ የሚጠብቀው ከሆነ ይገባል፣ ካልሆነ ደጅ ላይ ይቆማል።

«ሽፋኑ ላይ የተጻፈውን አያይም?»

«ሽፋኑን በምን ዓይኑ ያየዋል?»

«ቺፑስ ሊዋሽ አይችልም?»

«ቁጥሩ ከውስጡ ነው የተቀረጸው። ሽፋን ግን ማንም ይለጥፋል።» ስልኬን አንሥቶ ባትሪው ሥር ያለውን ጽሑፍ አሳየኝ። «እኔ ይህን አምኜ የዚህን ሞዴል ሶፍትዌር ከጎንደር አስመጣሁ። ውስጥ ያለው ግን ሌላ ቺፕ ነው። የዚህ ስልክ ቺፕ የራሱ አይደለም።»

ይህችን የመጨረሻዋን ቃል ለእኔ ብቻ ብሏት ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምጽፈው ነገር አይኖርም። ፈንታሁን ግን ለመጣው ሁሉ አላት። ስልኳን ያመጣችው እያንዳንዷ ሴት «የራሱ አይደለም» የሚለውን ሰምታ ወጣች። እሱ ከፋብሪካው ጀምሮ ሽፋኑና ውስጡ አይገናኙም ማለቱ ነው። የእኛ ሰው ግን ጠጋኝ ዘንድ የገባ ዕቃ ደህና ውስጡ ወጥቶ አሮጌ ይገባበታል ብሎ ድሮም ያምናል። ሰዓት ሲጠገን ይህ ይባላል፣ ሬድዮ ሲጠገን ይህ ይባላል። ስለዚህ ገበያው መሐል አንድ ጥያቄ ተነሣ። የራሱ ካልሆነ፣ የራሱን ማን ወሰደው?

አቶ ምስጋናው ይህን ሲሰማ ደስ አለው። ስልኮቹ ሲበላሹ ሰዉ ወደ እሱ ማጉረምረም ጀምሮ ነበር። አሁን «ከእኔ ዘንድ ሲወጣ ደህና አልነበረም? ብሎኑ ላይ ያለው ማኅተም ሳይነካ አይደለም የሰጠኋችሁ? ማን ቀደደው?» ይል ጀመር። ብሎኑ ላይ የምትለጠፍ ትንሽ ነጭ ወረቀት አለች፤ ጀርባው ሲፈታ ትቀደዳለች። የሁላችንም ተቀድዳለች። የቀደደው ፈንታሁን ነው፣ ሲከፍተው።

ልጁ ላይ ሽማግሌ ተቀመጠ። የሽማግሌዎቹ መሪ ቄስ ተካ ነበሩ፤ እንዲያው ክፉ የማይወጣቸው ሰው ናቸው። ፈንታሁን ሌባ ነው ከተባለ ሱቁን ዘግቶ ከከተማው ይወጣል፤ ስሙም ጎንደር ድረስ ይከተለዋል። ለዘመድ አልባ ልጅ ያ ማለት ምን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። መጀመሪያ ስልኬን ለጥገና የሰጠሁት እኔ ስለሆንኩ እንድመሰክር ተጠራሁ።

ጠዋት ባለቤቴ «አትከራከሪ። ቀይሮብኛል በይና ተገላገዪ፣ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው» አለኝ።

«አይተሃል ሲቀይር?»

«እኔ ምን አያለሁ?»

«እኔም አላየሁም።»

ሽማግሌዎቹ ፊት ቆሜ ያንኑ አልኩ። «አባ፣ ያላየሁትን አልመሰክርም። ይህ ነገር በወሬ የሚፈረድ አይደለም። ማንም ያልከፈተው፣ ማኅተሙ ያልተነካ አንድ ስልክ ከዚያው ካርቶን ይምጣ። ሳይከፈት በገመድ ይጠየቅ። ቺፑ ሽፋኑ ላይ ለተጻፈው ሞዴል የሚሆነውን ቁጥር ከተናገረ ልጁ ሌባ ነው። የእኛ ስልኮች የተናገሩትን ቁጥር ከተናገረ ግን ስልኩ እንዲያ ሆኖ ነው የተሸጠልን።»

ቄስ ተካ ግራ ገባቸው። «ቺፕ ይናገራል እንዴ ልጄ?»

«አባ፣ እንደ ቀበሌ መታወቂያ ይያዙት። ሰውዬው የፈለገውን ካፖርት ይልበስ፣ መታወቂያው ላይ ያለው ስም አይቀየርም።»

ይህ ገባቸው። አቶ ምስጋናው ግን ከወዲያ ጫፍ «ጥሩ ነው! ግን ያልተከፈተ ከየት ይመጣል? እኔ ዘንድ አንድም አልቀረ!» አለ፤ ሰው ሳቀ።

እኔ ከየት እንደሚመጣ አውቅ ነበር። ከተራራው ላይ ጊች በሚባል መንደር ገብስ የሚያመርቱ አያ እድሪስ የሚባሉ አዛውንት ስልኩን በገዛሁ ዕለት ከእኔ ቀጥለው ሲገዙ አይቻቸዋለሁ። ጊች ደግሞ ያን ጊዜ ኔትወርክም መብራትም አልነበረም፤ ስልኩን ገና አልነኩትም ብዬ ገመትኩ።

ኅዳር ነበር። ተራራው ላይ ወዳለው ሳንቃ በር ዕቃ በሚጭን መኪና ተለምኜ ወጣሁ፤ ከዚያ ወዲያ ከገበያ ከሚመለሱ የጊች ሴቶች ጋር በእግር። ጠዋቱን ውርጩ ሣሩን ጨው እንደተነሰነሰበት አድርጎታል። ገደሉ አፋፍ ላይ ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ፀሐይ ይሞቃሉ፣ ሽቅብ ስንወጣ የአስታው ዛፍ እያነሰ ረጅሙ የደጋ ተክል ጅብራው እየበዛ ሄደ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ቆሜ የማየው አገር ነው። ያን ቀን ግን ከራሴ ጋር እየተጨቃጨቅሁ ነበር የምሄደው። እኔ ምን አገባኝ? ሽንኩርቴ ይበሰብሳል፣ ባለቤቴ አኩርፏል፣ ልጁ እንደሆን በእኔ መታወቂያ ጥርሱ እስኪወልቅ የሳቀ ባለጌ ነው። እንዲህ እያልኩ እራመዳለሁ፤ እግሬ ግን አልተመለሰም።

አያ እድሪስ አውድማ ላይ ገብስ ሲያስወቁ ደረስኩ። ወደ ቤት አስገብተው ትኩስ የገብስ ቂጣ በአይብ ሰጡኝ፤ እስከ ዛሬ እንደዚያ የጣፈጠኝ የለም። ነገሩን ስነግራቸው ተነሥተው ሣጥናቸውን ከፈቱ። ስልኩ ከነካርቶኑ፣ ከነላስቲኩ፣ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

«ምነው አያ እድሪስ፣ ለምን ገዙት ታዲያ?»

«ምስጋናው እዚህ የኔትወርክ ምሰሶ ሊተከል ነው ብሎኝ ነዋ። ምሰሶውን እጠብቃለሁ» አሉ። «በዓል በዓል እያወጣን እናየዋለን። ልጆቹ ያሸቱትና እንመልሰዋለን።»

ስቄ ልሞት! ያውሱኝ ብላቸው ግን እምቢ አሉ። ፊቴ ሲለወጥ አይተው «አልሰጥሽም አልኩ እንጂ አይሄድም አላልኩም» አሉኝ። «አንቺ ይዘሽው ብትሄጂ መንገድ ላይ ከፍታዋለች ይሉሻል። እኔው ራሴ ይዤው እወርዳለሁ።» ደግሞም አደረጉት። ያን ሁሉ መንገድ በበቅሎ፣ ስልኩን ጉያቸው ሸጉጠው።

የፈንታሁን ሱቅ ያን ሁሉ ሰው አይችልም። ሽማግሌዎቹና አቶ ምስጋናው ገቡ፣ ሌላው በሩ ላይ ተደራረበ። ማኅተሟ በሁሉም እጅ ዞራ ታየች፤ አልተነካችም። አቶ ምስጋናውም ራሱ «ከእኔ የወጣ ነው» አለ። ፈንታሁን ጉራውም ቀልዱም ጠፍቶበታል። ባትሪውን ትንሽ ሞላና ስልኩን ሳይከፍት በቻርጀሩ ቀዳዳ ገመዱን ሰካ። አልጭንም የሚለው ቀይ ጽሑፍ መጣ፣ ከሥሩ የቺፑ ቁጥር። የእኔን ስልክ የቺፕ ቁጥር በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ከጎኑም የእኔን ሰክቶ አወጣው። ጮክ ብዬ ሁለቱንም አነበብኩ። አንድ ነበሩ።

ተገላገልን አልኩ። ልጁ ዳነ አልኩ።

አቶ ምስጋናው ጋቢውን አስተካከለ። «እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው» አለ፣ ረጋ ብሎ። «ይህ ኮምፒውተር የማን ነው?»

ከዚያ ወደ ፈንታሁን ጠቆመ።

«የእሱ። የእሱ ኮምፒውተር ታዲያ የእሱን ነገር ባይናገር የማንን ይናገር?»

በሩ ላይ ያለው ሰው «እውነት ነው፣ እውነት ነው» አለ። ደሜ ፈላ። «እንግዲያው ጎንደር ይወሰድ! አንቱ በመረጡት ሱቅ፣ አንቱ በመረጡት ኮምፒውተር!» አልኩ።

«እኔ በአንድ ስልክ ጎንደር ድረስ የምንከራተት ሰው ነኝ?»

ፀሐዩ በርትቷል፣ ሽማግሌዎቹ ደክመዋል። ቄስ ተካ መስቀላቸውን ከኪሳቸው አወጡ። ምን እንደሚመጣ ያኔውኑ ገባኝ።

«ልጆቼ፣ ነገር ባከረርነው ቁጥር ይበጠሳል። አንተም የእኛው ነህ፣ እሳቸውም የእኛው ናቸው። ይቅር ተባባሉና በፍቅር እንለያይ።»

ፈንታሁን ወደ እኔ አየ። ምን ልበለው? የአገሩ ሽማግሌ ታረቅ ሲለው እምቢ የሚል ዘመድ የሌለው ልጅ የት ይገባል? ጎንበስ ብሎ የሰውየውን ጉልበት ሊስም ሄደ። «ይቅር ይበሉኝ ጋሼ» አለ። አቶ ምስጋናው በሩ ላይ ያለው ሰው ሁሉ እንዲሰማ አድርጎ «ይቅር ብዬሃለሁ ልጄ! እግዚአብሔር ልብ ይስጥህ!» አለ። እልል ተባለ።

«ምን አጥፍቶ ነው ይቅር የሚባለው?» አልኩ። እልልታው ዋጠኝ። ደግሜ ጮህኩ። «ይነገረን! ምን አጥፍቶ ነው?»

ቄስ ተካ ምርቃታቸውን ጀምረዋል። ሰው አሜን ይላል። ወደ እኔ ዞር ብለው «የዝና፣ አሜን በይ እንጂ» አሉኝ።

«ፍርዱን ልስማና እላለሁ፣ አባ።»

ባለቤቴ ነጠላዬን ይዞ ጎትቶ አወጣኝ።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ሳስበው ነው ይበልጥ የሚያንገበግበኝ። ፈንታሁን በዚያ ቁጥር ትክክለኛውን ሶፍትዌር ጎንደር አስፈልጎ አገኘ። የእኔ ስልክ ላይ ጫነው፣ ተነሣ፣ ዘፈነ። የሌሎቹንም ሴቶች አስነሣላቸው። እኔ አሁን እንኳ ያምናሉ ስል ገበያው መሐል ምን ሲሉ ብሰማ ጥሩ ነው? «አየሽ፣ ሲታረቅ ጊዜ የሰረቀውን መልሶ ከተተው!»

ተከራከርኩ። ቤት ለቤት ዞሬ ተከራከርኩ። «እሱስ ሌባ ባይሆን ይቅርታ ይጠይቅ ነበር?» ይሉኛል። ስሙም ተቀየረ፤ «ይቅር የተባለው ልጅ» ሆነ። ወደ ሱቁ የሚገባ ሰው እየሳሳ ሄደ። ከጥምቀት በኋላ አንድ ጠዋት ሳልፍ ሱቁ ተቆልፎ አገኘሁት። ወደ ጎንደር በሚሄደው አውቶቡስ ተሳፍሯል አሉኝ። ኮምፒውተሩን በፎጣ ጠቅልሎ ጭኑ ላይ ይዞ ነበር አሉ።

ባለፈው ዓመት ዳባት ልቅሶ ሄጄ አቶ ምስጋናውን አገኘሁት። ሸብቷል፣ በከዘራ ነው የሚሄደው። ድንኳኑ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠና «የዝና፣ ያን የጥንት ነገር እስካሁን ይዘሽዋል ይሉኛል። አሁንማ ሁላችንም ወደዚያው ነን፤ እንታረቅ» አለኝ።

«እኔና አንቱ መቼ ተጣላን?» አልኩት። «ፍርድ ነው የቀረን። ፍርዱ ይምጣና እንታረቃለን።»

ሳቀ፤ ቀልድ መሰለው። አልቀለድኩም።

ስለ ሽማግሌ ክፉ ማውራቴ አይደለም። የተጣላ ሰው ሲታረቅ ማየት እወዳለሁ፤ እኔም ከስንት ሰው ታርቄያለሁ። ግን አንዳንድ ጊዜ የደከመን ጊዜ ማን እንደበደለ መጠየቁን እንተውና ሁለቱንም እኩል ጎንበስ እናደርጋለን። ጎንበስ የሚለው ግን ሁልጊዜ አንደኛው ብቻ ነው፤ ያም ዘመድ የሌለው ነው።

ትናንት ማታ ይህን ሁሉ ለኤፍራታ ነገርኳት። ስልኳን አስነሥታዋለች፤ የቺፑን ቁጥር ይዛ ነው ፋይሉን የፈለገችው። ስልኩ እጇ ላይ እያበራ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ፣ በኋላ ግን እንደ አያቷ ናትና መከራከሯ አልቀረም።

«ግን እኮ አንድ ቃል ነው እማማ። አሜን ብትይ ምን ነበረበት?»

«አሜን ማለት ይሁን ማለት ነው» አልኳት። «እኔ ደግሞ እንዲሆን አልፈለግሁም።»